አሰስመንት፦ በወሎ ጀማሪ ነርሶች በሽተኛን መመርመር እንዴት ይማራሉ?

ሄልዝ አሰስመንት የነርሲንግ ተማሪ በሽተኛን መጠየቅ፣ ማየት፣ መዳሰስና ማዳመጥ የሚማርበት ኮርስ ነው። ወረቀት ላይ "የጤና ምዘና" ተብሎ ይጻፋል። ግቢ ውስጥ ግን ተማሪውም መምህሩም "አሰስመንት" ብለው ይገላገሉታል። ሌላው የነርስ ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በሽተኛው ምን እንደሆነ ያላወቀ ነርስ ምን ሊሠራለት ነው?

ወሎ ውስጥ ነርስ ከሚያሠለጥኑት አንዱ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጤና ተማሪዎቹ የሚማሩት ደሴ ግቢ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲና ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም አሉ። ትምህርቱ በሦስት ቦታ ይካሄዳል፦ ክፍል ውስጥ፣ ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥና ሆስፒታል ውስጥ። ክፍል ውስጥ ስላይድ አለ። ስኪል ላብ ውስጥ መምህሩ ዲሞ ያሳያል፤ ተማሪው በአሻንጉሊቱ ላይ፣ ከዚያም እርስ በርሱ ይለማመዳል። ሆስፒታል ሲገባ ነው እውነተኛው ነገር የሚጀምረው።

እኔ ይህን ኮርስ በተማሪነትም በአስተማሪነትም አይቼዋለሁ። ከባዱ ማዳመጫው እንዳይመስላችሁ። ከባዱ መጠየቅ ነው።

"አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ"

የመጀመሪያ አታችመንቴ (የሆስፒታል ልምምዴ) ላይ አንድ አዛውንት ደረሱኝ። ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። "አባባ፣ እንዴት ነዎት?" አልኳቸው። "አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንተስ? ቤተሰብ ደህና?" እኔም ደስ ብሎኝ ሕመም እንደሌላቸው ጻፍኩ። የዋርዱ ሲስተር ወረቀቴን አየችና ምንም ሳትለኝ ወደ አልጋው ሄደች። "አባባ፣ ሌሊቱን እንዴት አደሩ? ስንት ትራስ ይደገፋሉ?" ሰውዬው ለካ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጠው ነው ያደሩት። ጋደም ሲሉ ትንፋሻቸው ያጥራቸዋል። ይህ ልብ ሲደክም ከሚታዩት ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። እኔ ግን ሰላምታውን እንደ መልስ ቆጥሬው ነበር።

ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለ"እንዴት ነዎት" ያለው መልስ ምስጋና ነው። ሞት አፋፍ ላይ ቢሆንም ያመሰግናል። ስለዚህ ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያ ነገር ሰላምታውን አድርሶ ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነው። እንቅልፍ እንዴት ነው? ትናንት ምን በሉ? ሽንት ቤት ድረስ ሄደው ይመለሳሉ? በነርሲንግ ትምህርት ውስጥ የማርጆሪ ጎርደን 11 የጤና ዘርፎች የሚባል የአጠያየቅ ዘዴ አለ። አመጋገብን፣ እንቅልፍን፣ እንቅስቃሴን፣ እምነትንና ሌላውንም ኑሮ እያነሱ የሚጠይቁበት ነው። ተማሪዎች ረጅም ነው ብለው ያማርራሉ። ለወሎ ሰው ግን እንደተሠራለት ነው። በሽታውን የማይነግርህ ሰው ኑሮውን ያወራሃል፤ በሽታው እዚያ ውስጥ ይወጣል።

ቀጥሎ ቋንቋው አለ። "ልቤን ያመኛል" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እጁን የሚያሳርፈው ጨጓራው ላይ ነው። ስለዚህ "በአንድ ጣት ያሳዩኝ" ማለት ግድ ነው። "ወፍ" ካሉ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ይሆናል። "ምች" ደግሞ ከንፈር ላይ የወጣ ቁስልም፣ ትኩሳትም፣ ራስ ምታትም ሊሆን ይችላል። ካርዱ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው በአማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው። ደንቡ ዋናውን ሕመም መጀመሪያ በሽተኛው በተናገረው ቃል መጻፍ ነው። ከሚሴ አካባቢ ከሆነ ኦሮምኛ፣ ወደ ባቲ ከሆነ አፋርኛም ይመጣል። ያኔ አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ልጅ ነው። አባቱን ወክሎ ሳይጠየቅ የሚመልሰውም እሱው ነው።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። "ዕድሜዎ ስንት ነው?" ሲባሉ "እኔ ምን አውቄ፣ በስድሳ ስድስቱ ድርቅ በግ እጠብቅ ነበር" የሚሉ አሉ። በግ የሚጠብቅ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚያ መደመር ነው። ለወጣት ተማሪ ይህ ሒሳብ አዲስ ነው፤ 1966 ለእሱ የታሪክ ፈተና ጥያቄ ነው።

አራቱ መንገዶች

አካላዊ ምርመራው በአራት መንገድ ይሠራል፦ ማየት፣ መዳሰስ፣ ማንኳኳት፣ ማዳመጥ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። ሆድ ላይ ሲደርስ ግን ይለወጣል። ሆድ ከታየ በኋላ መጀመሪያ ይደመጣል፤ ቀጥሎ ይንኳኳል፤ መጨረሻ ላይ ይዳሰሳል። ምክንያቱም ሆድ ሲነካካ የአንጀት ድምፅ ይለወጣል። ተማሪዎች ፈተና ላይ በብዛት የሚወድቁት እዚህች ጋ ነው።

ማየት ቀላል ይመስላል። መማሪያ መጻሕፍቱ የገረጣ ወይም የቀላ ቆዳ የሚያሳዩት አብዛኛውን ጊዜ በነጭ ሰው ላይ ነው። የኛ ሰው ገርጥቶ እንደሆነ የሚታየው የታችኛው የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ ተደርጎ፣ ወይም መዳፍ ተገልጦ ነው። መዳፍ ሲባል ደግሞ ወሎ ውስጥ እንሶስላ አለ። እንሶስላ የሞቀች ሴት መዳፏም ጥፍሯም ቀይ ነው። ደም ማነስ ቢኖርባትም እጇ ላይ አይነበብም። ዓይንና የከንፈር ውስጥ መታየት አለበት። ቢጫነትም የሚፈለገው የዓይን ነጩ ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው።

ማንኳኳት በሕክምና ታሪክ ውስጥ የገባው ኦስትሪያዊው ሐኪም አውንብሩገር እንደ ፈረንጆች በ1761 ስለ እሱ ካሳተመ በኋላ ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር፤ በርሜል ውስጥ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ይንኳኳ ነበር። እኛ ዘንድ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰኞ ገበያ ጋን የምትገዛ ሴት በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ስንጥቅ እንዳለው ትሰማለች። ጠላ ያለበት ጋንና ባዶ ጋን አንድ አይጮኹም። ደረትም እንዲሁ ነው። አየር ያለበት ሳንባ ያስተጋባል፤ ውሃ የያዘ ሳንባ ድፍን ይላል። ተማሪው የግራ እጁን መሐል ጣት ደረቱ ላይ አጥብቆ ያስቀምጣል። በቀኙ መሐል ጣት ጫፍ ይመታል። ምቱ የሚመጣው ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው። ጥፍር ያላሳጠረ ደግሞ የራሱን ጣት ያደማል።

ለመዳሰስ እጅ መሞቅ አለበት። ደሴ ጠዋት ላይ ብርዷ ከባድ ነው። ቀዝቃዛ እጅ ያረፈበት ሆድ ወዲያው ይጠነክራል፤ ተማሪውም "ሆዱ ጠጣር ነው" ብሎ ይጽፋል።

ነርቭ መዳሰስ የፈለገ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ቢሄድ ይጠቀማል። ሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ሲታይ በጥጥ ነካ ይደረጋል። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን ያሳያል። ካልተሰማው ይህ ትልቅ የሥጋ ደዌ ምልክት ነው። ከዚያ ክርን አጠገብ ያለው ነርቭ ይዳሰሳል፤ ወፍሮ እንደሆነ።

ግፊት፣ ትንፋሽ፣ ኦክስጅን

ቫይታል ሳይን፣ ማለትም የልብ ምትን፣ ትንፋሽንና ግፊትን የመሰሉ መሠረታዊ ልኬቶች፣ የጀማሪ የዕለት እንጀራ ነው። ለአዋቂ የልብ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሽ ከ12 እስከ 20 ነው። ቁጥሩን ሁሉም ይሸመድደዋል። ልኬቱ ላይ ነው ችግሩ።

የደም ግፊትን እንውሰድ። የላብ የመጀመሪያ ቀን ግማሹ ተማሪ "ምንም አይሰማኝም" ይላል። መምህሩ ዞር ብሎ ያያል፤ ማዳመጫው ጆሮ ውስጥ በግልባጭ ገብቷል። የጆሮ ጫፎቹ ወደ አፍንጫ ማዘንበል አለባቸው። ያ ከተስተካከለ በኋላም ቆዳ ላይ የሚያርፈው የማዳመጫው ራስ ወደ ሌላው ፊት ዞሮ ይሆናል። ጣት ነካ አድርጎ መሞከር ነው። ቀጥሎ "ካፍ" የሚባለው በአየር የሚነፋ ማሰሪያ በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። ክንዱ በልብ ትክክል ይሆናል። የእጅ አንጓ ምት በጣት እየተሰማ ካፉ ይነፋል፤ ምቱ ከጠፋበት 30 ጨምሮ መንፋት፣ ከዚያ በሰከንድ ሁለት ሦስት እየቀነሱ መልቀቅ። በማዳመጫው መጀመሪያ የተሰማው ምት የላይኛው ቁጥር ነው። ድምፁ ሲጠፋ የታችኛው ነው። ይህን ድምፅ እንደ ፈረንጆች በ1905 የገለጸው ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ነው።

ሰውዬው ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። ደሴ ዳገት ናት፤ ወደ ሆስፒታል የመጣው ሰው ወይ ወጥቷል ወይ ወርዷል። ቡና ከጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ሦስቱን ተራ፣ አቦል ቶና በረካ ብሎ የመጣ ሰው ቁጥሩ አያስደንግጥ። ጫትም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ "ዛሬ ቅመዋል?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሳይፈርዱ መጠየቅ ነው እንጂ።

ትንፋሽ ሲቆጠር በሽተኛው ማወቅ የለበትም። ካወቀ ይለውጠዋል። ዘዴው የእጅ ምት እየቆጠሩ መምሰል ነው። ጣት አንጓው ላይ፣ ዓይን ደረቱ ላይ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። በመሐል አስታማሚዋ ካወራችው ቆጠራው ተበላሸ። እኛ "አዎ" ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን "እህ" እንላለንና። በነገራችን ላይ የሁሉም በሽተኛ ትንፋሽ 20፣ ግፊቱም 120/80 የሆነበት ወረቀት ካያችሁ ማንም አልለካም ማለት ነው።

በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጣት ላይ በሚደረግ መሣሪያ ሲለካ የደሴ ከፍታ ይመጣል። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ጤነኛ ሰው ላይ 94 በመቶ ማየት አያስደነግጥም። ኮምቦልቻ ወርዶ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል ተብሎ ይጠበቃል። ጥፍር ቀለምም መሣሪያውን ያሳስተዋል።

ለልጆች የክንድ ዙሪያ ይለካል። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ከ11.5 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ይባላል። እስከ 12.5 ድረስ ደግሞ መካከለኛ። 66ንና 77ን ባሳለፈ አገር ይህችን ባለቀለም ሜትር እንደ ቀላል ነገር የሚያይ የለም። እግር ላይ አውራ ጣትን ጫን አድርጎ ጉድጓድ መቅረቱን ማየትም አይረሳም። ያበጠ ልጅ ለማያውቅ ሰው የወፈረ ይመስለዋል።

መጋረጃና ሰው ብዛት

ሴት በሽተኛ ደረቷ ሲደመጥ ፈቃዷ ይጠየቃል፣ መጋረጃ ይዘጋል። የሚመረመረው ቦታ ብቻ ይገለጣል። ብትፈልግ ሴት ተማሪ ትተካለች። በወሎ ይህ ለሙስሊሟም ለክርስቲያኗም እኩል ነው። አስቸጋሪው የተማሪው ብዛት ነው። አንድ አልጋ ዙሪያ አሥር ነጭ ጋውን ሲቆም በሽተኛው በድንጋጤ ግፊቱ ይጨምራል። የመጀመሪያው ተማሪ ጉበት ሲፈልግ ሰውዬው ይታገሳል። ስድስተኛው ላይ "ልጆቼ፣ አልጠፋም እኮ፣ እዚያው ነው" ያሉ አባት አሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ወልድያም ውስጥ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ላብ ውስጥ አንዲት ካፍ ማጣት ማለት ሃያ ተማሪ በወረፋ መቆም ማለት ነው።

ተግባሩ የሚፈተነው በኦስኪ ነው። ተማሪው ጣቢያ ለጣቢያ እየዞረ በደቂቃ ተለክቶ ይሠራል፤ ፈታኙ ቼክሊስት ይዞ ያያል። እጅ አለመታጠብና ራስን አለማስተዋወቅ እዚህ ነጥብ ያስቆርጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ግን መልስ የሚመረጥበት የጽሑፍ ፈተና ነው፤ የተማሪውን እጅ አያይም። እጁን አየሁ ብሎ ሎግቡኩ (ተማሪው የሠራው የሚመዘገብበት ደብተር) ላይ የሚፈርመው የዋርዱ ነርስ ነው። ሎግቡክ ደግሞ የሚታወሰው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያኔ ዋርዱን የሚዞረው ተማሪ የሚፈልገው በሽተኛ አይደለም፤ እስክሪብቶ የያዘች ሲስተር ነው።