ተነሥተህ ብላ፦ ባይፖላር ላለበት ወጣት አማኝና ለቅርቦቹ

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሆኖ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ መልአክ ተላከለት። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አልሰበከለትምም፤ ዳሰሰውና እንዲበላ ነገረው። ነቢዩ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው (1ኛ ነገሥት 19)። ኤልያስ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜትን እጅግ ከፍ ወደሚልበት ማኒያና እጅግ ዝቅ ወደሚልበት ድብርት የሚያፈራርቅ የአእምሮ ሕመም፣ ነበረበት ልንል አይደለም፤ ከዚህ ሁሉ ዘመን ርቀት ማንም ሰውን ሊመረምር አይችልም። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ፣ ንግግሩ ኋላ። ባይፖላር ያለበት ወጣት ጸሎቱም ጾሙም የሚጸናለት ይህን ቅደም ተከተል ሲጠብቅ ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ብዙ ወጣቶች በእምነት የሚቃጠሉትም በዚሁ ዕድሜ ስለሆነ የማኒያ መነሻ መንፈሳዊ ቅናት መስሎ ያልፋል። ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው ምልክት እንቅልፍ ነው። ጤነኛ ሰው ሌሊቱን ሲጸልይ ቢያድር በማግስቱ ይደክመዋል፣ ያንቀላፋል። ወደ ማኒያ የሚሄድ ሰው ግን ሦስት ሰዓት ተኝቶ ለተከታታይ ቀናት ድካም አያውቅም። ንግግሩ ይፈጥናል፣ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሲቃወሙት ይቆጣል፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ «ለእኔ ብቻ የተገለጠ» የሚለው ነገር ይበዛል። የመንፈስ ፍሬ ራስን መግዛትንም ይጨምራል (ገላትያ 5፥23)፤ ማኒያ ቀድሞ የሚወስደው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የአዳር ጸሎት ለዚህ ወጣት አይመከርም። እንቅልፍ ማጣት የማኒያ ውጤት ብቻ ሳይሆን መነሻውም ነው፤ አንድ ሌሊት ሳይተኙ ማደር ብቻውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ጸሎቱን ከሰባት ወይም ከስምንት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ወደ ንጋት ያዙረው፤ የሚተኛበትንና የሚነሣበትን ሰዓት በበዓል ቀንም አይለውጥ። በየማታው በደብተር አንድ መስመር ይጻፍ፦ ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኛ፣ ስሜቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን፣ መድኃኒቱን መውሰዱን። ሁለት ሌሊት በተከታታይ እንቅልፉ ካነሰና ድካም ካልተሰማው ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይደውል። ስዕለት መሳል፣ ትልቅ ስጦታ መስጠት፣ ትምህርት ወይም ሥራ መተው ሲያምረው ሁለት ሙሉ ሌሊት ይተኛበት፤ ሁለት የሚያምናቸውንም ሰዎች ያማክር። ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር በሁለት ቀን አያረጅም።

ጾም ላይ በተለይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሊቲየም የተባለውን ስሜት አረጋጊ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። ኩላሊት ሊቲየምን በጨው ውስጥ እንዳለው ሶዲየም ስለሚያየው፣ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ሶዲየሙን ይይዛል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ይይዘዋል። ለብዙ ሰዎች በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን በሊትር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል ነው፤ 1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይከተላል፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በታች ይጀምራል። ውኃ የሌለበት ጾም፣ ጨው በድንገት መተው፣ ተቅማጥ፣ ብዙ ላብ ሁሉም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ይባስ ብሎ ጾም ራስ ያሳምማል፤ ለራስ ምታቱ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲዋጥ እነዚህ ራሳቸው ሊቲየሙን ያንሩታል። ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይሻላል። እጅ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከመጣ፣ እግር ከተንገዳገደ፣ አንደበት ከተሳሰረ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የደም ምርመራው የሚወሰደው ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ውጦ የሚመረመር ሰው ውጤቱ ያሳስተዋል። የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራም በየስድስት ወሩ ይደረጋል።

ሉራሲዶን የተባለውን ሌላ የባይፖላር መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ቢያንስ 350 ካሎሪ ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደሙ አይገባም። ለእንዲህ ያለ ሰው ጾሙ ከምግብ ሳይሆን ከማታ ስልክ፣ ከሐሜት፣ ከክርክር ቢሆን ጾምነቱ አይጎድልም።

የፈውስ ጸሎት ይጸለይለት፤ እኛም እንጸልያለን። ነገር ግን «ካመንክ ክኒኑን ጣል» የሚል አገልጋይ ሸክሙን የሚጥለው በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው። ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ፣ በተለይ ማኒያው፣ የማገርሸት ዕድሉ ይጨምራል፤ መቋረጥ ካለበት ሐኪም ቢያንስ በአራት ሳምንት፣ ቢቻል በሦስት ወር ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ካቆሙ በኋላ ያሉት መልካም ሳምንታት የመዳን ማስረጃ አይሆኑም፤ ማገርሸቱ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ ከእግዚአብሔር የመፈወስን ቃል ይዞለት ሄዶ ሳለ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳይያስ 38፥21)። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆድ ሕመሙ ጥቂት ወይን ጠጣ አለው እንጂ እምነትህ አነሰ አላለውም።

ድብርቱ ሲመጣ መልኩ ሌላ ነው። ወጣቱ እግዚአብሔር እንደጣለው፣ ይቅር የማይባል ኃጢአት እንደሠራ ያምናል። በዚያ ሰዓት በጥቅስ አትከራከሩት፤ አእምሮው ጥቅሱን ሁሉ ወደ ፍርድ ይለውጠዋል። አንድ መዝሙር አብራችሁት አንብቡ። መዝሙር 88 ይበቃል፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፣ ቢሆንም ጸሎት ነው። «ራስህን ስለ ማጥፋት ታስባለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ያቀልለታል እንጂ። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። የመድኃኒቱን ክምችት ሌላ ሰው ይያዝ፣ ሊቲየም በብዛት ሲዋጥ ይገድላልና፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ዘንድ አድርሱት። የቀረው ድብርት ነው ተብሎ የፀረ ድብርት መድኃኒት ብቻውን መግዛትም አደጋ አለው፤ ስሜት አረጋጊ ሳይኖር ወደ ማኒያ ሊገለብጠው ይችላል።

ከማኒያ የተመለሰ ወጣት የሚያሳፍረው ብዙ ነው፦ በመድረክ የተናገረው ትንቢት፣ በሌሊት የላከው መልእክት፣ ያደረገው ስጦታ። አታንሡበት። አገልግሎቱንም ሙሉ በሙሉ አትንጠቁት፤ በቀን የሚሠራና ሰዓቱ የታወቀ ትንሽ ሥራ ስጡት፣ መድረኩ ይቆየው። በታመመበት ሳምንት የሰጠውን ገንዘብ ጉባኤው ሳይጠየቅ ይመልስለት።