ሬቲኖቶፒ ምንድን ነው? በአንጎል ገጽ ላይ የተዘረጋው የዕይታ ካርታ

ሬቲኖቶፒ ማለት በዕይታ መስካችን ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች በአንጎል ቅርፊት ላይም ጎን ለጎን የሚሰፍሩበት ሥርዓት ነው። ዓይናችንን አንድ ነጥብ ላይ ተክለን ስንመለከት ከነጥቡ በስተግራ ያለው በቀኝ ንፍቀ አንጎል፣ በስተቀኝ ያለው ደግሞ በግራው ይወከላል፤ የላይኛው ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። ካርታው ግን መጠንን አይጠብቅም። ፊደል የምናነብበት ጠባብ የዕይታ መሃል ሰፊ ቦታ ሲይዝ፣ ዳር ዳሩ በጥቂት ስፍራ ተጨምቆ ይገኛል።

ይህ እውቀት የመጣው ከቁስለኞች ነው። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖዬ በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮችን መርምሮ፣ የጥይቱን መግቢያና መውጫ ከጠፋባቸው የዕይታ ክፍል ጋር በማመሳከር ያገኘውን ውጤት በ1909 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ጤነኛ ሰው ላይ ካርታውን በዝርዝር ማንሳት የተቻለው ግን በ1990ዎቹ፣ የአንጎልን ሥራ የሚያሳየው ኤምአርአይ ከመጣ በኋላ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ተመርማሪው መሃል ላይ ያለች ነጥብ ላይ ዓይኑን ሳያነቃንቅ፣ የሚብለጨለጭ ሽብልቅ እንደ ሰዓት ዘንግ በዙሪያዋ ይሽከረከራል። አንዱ ዙር 64 ሰከንድ ፈጅቶ 8 ጊዜ ቢደጋገም፣ ለዕይታ የሚሠራው የቅርፊት ክፍል ሁሉ 8 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱ ከፍ የሚልበት ሰዓት ያ ቦታ የትኛውን አቅጣጫ እንደሚያይ ይናገራል። ከመሃል ወደ ዳር የሚሰፋ ቀለበት ደግሞ ከመሃሉ ያለውን ርቀት ይነግረናል። ነገር ግን ኤምአርአዩ የሚለካው የደም ፍሰት ለውጥ ከነርቮቹ ሥራ ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ 5 ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ እንኳ በዚህ ፍጥነት 28 ዲግሪ ያህል ስሕተት ይፈጠራል። ስለዚህ ሽብልቁ በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲዞር ተደርጎ ሁለቱ ልኬቶች ሲጣመሩ መዘግየቱ ይሰረዛል። ይህን ሁለተኛ ልኬት ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ መተው፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ ጥፋት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ውጤቱ ለምን በአንጎል ገጽ ላይ መተንተን እንዳለበት ነው። የመጀመሪያው የዕይታ አካባቢ፣ ቪ1፣ በአንጎል የኋላ ክፍል ካልካሪን በሚባለው ጥልቅ ስንጥቅ ግራና ቀኝ እንደ መጽሐፍ ገጾች ታጥፎ ይገኛል። የስንጥቁ የላይኛው ግድግዳ የዕይታ መስኩን የታችኛውን ክፍል፣ የታችኛው ግድግዳ ደግሞ የላይኛውን ይወክላል። ሁለቱ ግድግዳዎች በሚሊሜትሮች ብቻ የሚራራቁ ስለሆኑ፣ ምስሉን እንዳለ በሦስት አቅጣጫ ያለሰለሰ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነጥብ ምልክት ከጎረቤቶቹ ጋር ያማካለ፣ ሰው ሰማይና መሬትን ያደባልቃል፤ በቅርፊቱ ላይ ተጉዘን ብንለካው ግን ርቀታቸው እጅግ ይሰፋል። ፍሪሰርፈርን የመሰለ ሶፍትዌር ነጩን የአንጎል ክፍል ከግራጫው ለይቶ ለእያንዳንዱ ንፍቀ አንጎል ከ100 ሺህ በላይ ነጥቦች ያሉት የሦስት ማዕዘኖች መረብ ይሠራል፤ ከዚያም መረቡን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፣ ሲያስፈልግም ቀድዶ ጠፍጣፋ አድርጎ ይዘረጋዋል። መረቡ በስሕተት የአንጎልን ሽፋን ጨምሮ ወይም ቀጭን እጥፋት ዘልሎ ከሆነ፣ በላዩ የሚቀባው ቀለም ምንም ቢያምር አሳሳች ነው። ስለዚህ ከካርታው በፊት መረቡን በየቁራጩ መመልከት ይገባል።

ካርታው ከተቀባ በኋላ በዕይታ አካባቢዎቹ መካከል ያለው ድንበር ይፈለጋል። ከስንጥቁ ወለል ተነሥተን ወደ ላይ ብንጓዝ፣ የምናልፍባቸው ነጥቦች የሚያዩት አቅጣጫ ከአግድሙ መስመር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወደሚወርደው መስመር ይደርሳል፤ እዚያ ቆሞ ወደመጣበት መመለስ ሲጀምር የቪ1 እና ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የዕይታ አካባቢ የቪ2 ድንበር ላይ ደርሰናል። አግድሙ ላይ ደርሶ እንደገና ሲዞር ደግሞ ሦስተኛው አካባቢ፣ ቪ3፣ ይጀምራል። አጎራባቾቹ አካባቢዎች አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ስለሆኑ፣ ሶፍትዌሩ የአቅጣጫውንና የርቀቱን ካርታ አዋህዶ በሁለት ቀለም ሊለያቸው ይችላል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ሌላ ዘዴ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያየውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም ይገምታል፤ ይህ ስፋት ከቪ1 ወደ ቪ3 ስንሄድ እየጨመረ ይመጣል።

እጅግ የሚያስቸግረው በአንጎል የኋላ ጫፍ ላይ ያለው ስፍራ ነው። የሦስቱም አካባቢዎች የመሃል ዕይታ እዚያ ይገናኛል፤ የዓይን ጥቂት መነቃነቅም ሆነ በአቅራቢያው ያለ ትልቅ የደም ሥር ምልክቱን ያውከዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተንታኝ የድንበሩን መስመር ምልክቱ ግልጽ እስከሆነበት ድረስ ብቻ ያሰምርና ቀሪውን ክፍት ይተወዋል።