የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ ከመስመር ምርጫ እስከ ዝግጅት

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ፈተና ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉት አሁንም «ማትሪክ» ይሉታል። በእነሱ ዘመን ውጤቱ ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይሰጥ ነበር። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የ10ኛ ክፍል ፈተናንና መሰናዶን (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁትን 11ኛና 12ኛ ክፍል) አመጣ። የ10ኛው ፈተና ኋላ ላይ ቀርቷል።

በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ተሰርቆ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። ፈተናው ተሰረዘ፤ ተማሪውም ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላም ኩረጃው አልቆመም። ጎበዙ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ከኮራጁ እኩል ይቆጠር ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በጥቅምት 2015 ነው። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ጀመረ። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች በተለያየ ዙር ገቡ። ስልክ በር ላይ ቀረ። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ርቀው ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ ፈተናቸውን ጨርሰው ወጡ። ውጤቱ ግን አስደነገጠ። 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተፈተኑት 3.2 በመቶ፣ የ2016ቶቹ 5.4፣ የ2017ቶቹ ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። ጥፋቱ የተማሪው ነው ወይስ የትምህርት ሥርዓቱ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተሻሉት በሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ሌላ ዕድል ያገኛሉ።

ምርጫው የሚጀምረው 11ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ? እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ለሁለቱም አሉ። ተፈጥሮ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ይጨምራል፤ ማኅበራዊ ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስን። «ጎበዝ ተፈጥሮ ይገባል» የሚለው የሰፈር ወሬ ብዙ ልጆችን ያለቦታቸው አስቀምጧል። ከሒሳብ ለመሸሽ ማኅበራዊ የገባም ሒሳቡ እዚያም ይጠብቀዋል። ሕክምናና ኢንጂነሪንግ ግን ያለ ተፈጥሮ አይታሰቡም።

በአገር አቀፉ ፈተና ማለፍ ብቻውን የማይበቃባቸው ቦታዎችም አሉ። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ይፈትናል። እነዚህን የሚያስብ ተማሪ የአገር አቀፉ ውጤት እንደወጣ የምዝገባ ማስታወቂያ መከታተል አለበት፤ ጊዜው አጭር ነው።

ዝግጅት ሲባል የብዙው ሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ 12ኛ ክፍል መጽሐፍ ይሄዳል። ጥያቄው ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። የድሮ ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት ወርክሺት ከመሰብሰብ ይሻላል። መልሱን አይቶ ማለፍም አይበቃም፤ የተሳሳቱትን ጥያቄ መጽሐፉ ላይ ፈልጎ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። በቴሌግራም «የዘንድሮ ፈተና» እያሉ የሚሸጡት ገንዘብ መብያ ነው።

አፕቲትዩድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍም ክፍለ ጊዜም የለውም። የቃላት ዝምድና፣ አመክንዮና የቁጥር ስሌት ይጠይቃል። በየቀኑ ጥቂት ጥያቄ የሠራ ሰው በወራት ውስጥ ለውጡን ያየዋል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒውተር መፈተን ተጀምሯል። በዚህ መንገድ የሚፈተን ተማሪ ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ ስክሪን ላይ ማንበብን፣ የሒሳቡን ሥራ ደግሞ ወረቀት ላይ ሠርቶ መልሱን ማውዝ ይዞ መምረጥን ቀድሞ ቢለማመድ ጥሩ ነው።