የድሮ መድፍና አረሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የመድፍ አረር መሬት ሲነካ ይፈነዳል።» በፊልም አዎ። በአፈሙዝ የሚጎርሱት መድፎች ዋና አረር ግን ድፍን የብረት ኳስ ነበር፤ የሚገድለው በክብደቱና በፍጥነቱ ነው። መድፈኛው ዝቅ አድርጎ ይተኩሳል፤ አረሩም ደረቅ መሬት ላይ እየነጠረ ሰልፉን ይሰነጥቃል። መሬቱ ከረጠበ ጭቃ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሉ ላይ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የናፖሊዮንን መድፎች የጎዳው በዚህ ነው።

«ባለ 12 ፓውንድ» ሲባልም የመድፉ ሳይሆን የድፍኑ አረር ክብደት ነው፣ 5.4 ኪሎ ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1857 የወጣው የአሜሪካ ባለ 12 ፓውንድ የነሐስ መድፍ ቱቦው ብቻ ከ550 ኪሎ ይበልጣል፤ ለአንድ ተኩስ 1.1 ኪሎ ያህል ባሩድ ይፈልጋል።

«ፈንጂ አረር የሚጎርሰው ፊውዙ (ቀስ እያለ ነዶ አረሩን የሚያፈነዳው መለኮሻ) በእጅ ተለኩሶ ነው።» ጥንት እንዲያ ይደረግ ነበር፣ ኋላ ቀረ። አረሩ ከቱቦው በጥቂት ሚሊሜትር ስለሚያንስ የባሩዱ ነበልባል በዳርና ዳር አልፎ ፊውዙን ይለኩሰዋል። ፊውዙ ታዲያ ወደ አፈሙዙ መዞር አለበት። ወደ ባሩዱ ከዞረ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሰብረውና አረሩ እዚያው ቱቦ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

«ሽራፕኔል የቦምብ ፍንጣሪ ነው።» ዛሬ በዘልማድ እንዲያ ይባላል። እንግሊዛዊው መኮንን ሄንሪ ሽራፕኔል የሠራው ግን ጥይት የታጨቀበት፣ ጠላት ዘንድ ሳይደርስ አየር ላይ የሚፈነዳ ኳስ ነው። ጠላት ከ350 ሜትር ሲቀርብ መድፉ ሌላ ነገር ይጎርሳል፦ የብረት እንክብሎች (ለአሜሪካው ባለ 12 ፓውንድ 27) የያዘ ጣሳ። ጣሳው ከአፈሙዙ እንደወጣ ይቀደዳል።

«ከተኮሱ በኋላ ወዲያው ባሩድ መጨመር ይቻላል።» እጅ የሚያስቆርጥ ስህተት! መጀመሪያ ቱቦው በእርጥብ መወልወያ ይወለወላል፤ በዚያው ጊዜ ሌላው መድፈኛ የመለኮሻ ቀዳዳውን ቆዳ ባለበሰው አውራ ጣቱ ይደፍናል። ካልደፈነ በቀዳዳው የሚያልፈው አየር የቀረውን ፍም ያራግበዋል፣ የባሩዱ ከረጢት ሲገባ ይቀጣጠላል፣ ከረጢቱን በዘንግ የሚጠቀጥቀው መድፈኛ ደግሞ አፈሙዙ ፊት ነው የቆመው።

የእኛው ሴባስቶፖልም ቀጥ ብሎ የሚተኩስ መድፍ አይደለም፤ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንጋጦ አረሩን ከላይ የሚጥል ሞርታር ነው። ቱቦው አጭርና ሰፊ የሆነው ለዚሁ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ ሞርታር ያለው መቅደላ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው።