የክልል የትምህርትና የሰው ኃይል ዕድገት ሲለካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ክልል በትምህርትና በሰለጠነ የሰው ኃይል ምን ያህል ተራመደ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ይመጣል። ይህን ያህሉ ትምህርት ቤት ገባ፣ ይህን ያህሉ አለፈ፣ ይህን ያህሉ ተመረቀ፣ ይህን ያህሉ ሥራ ያዘ ይባላል። አድማጩ ቁጥሩ ካምናው ከፍ ካለ ያጨበጭባል፣ ዝቅ ካለ ያጉረመርማል። መቶኛ ግን የሁለት ቁጥሮች ክፍፍል ነው። ተካፋዩን ሁሉም ያየዋል፤ ጣጣው ያለው አካፋዩ ላይ ነው። ማን ተቆጠረ? ማንስ ከቆጠራው ውጭ ቀረ? ከዚህ በታች ከቀረቡት አባባሎች አብዛኞቹ ይህ ሳይጠየቅ የሚነገሩ ናቸው።

«ተሳትፎው ከመቶ በመቶ አልፏል፤ ከትምህርት ገበታ የቀረ ሕፃን የለም»

ከመቶ በላይ የሆነ የትምህርት ተሳትፎ ሲያዩ ሪፖርቱ ተሳስቷል የሚሉ አሉ። ግቡ ተመታ ብለው የሚያርፉም አሉ። ሁለቱም አልገባቸውም። ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው መለኪያ በአንድ እርከን የተመዘገቡትን ተማሪዎች ሁሉ፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን፣ ለእርከኑ በተወሰነው ዕድሜ ላይ በሚገኙት ልጆች ቁጥር ያካፍላል። ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ የደረሰ 1,000 ልጆች ባሉበት አካባቢ መዝገቡ ላይ 1,100 ተማሪዎች ሰፍረዋል እንበል። ከእነዚህ 300ዎቹ ዘግይተው የገቡ ወይም ክፍል የደገሙ ናቸው። ጥቅል ተሳትፎው 110 በመቶ ሆነ። በዕድሜያቸው የሚማሩት ግን 800 ብቻ ስለሆኑ ንጥር ተሳትፎው 80 በመቶ ነው፤ 200 ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ ናቸው።

እንዲያውም የጥቅል ተሳትፎ መውረድ የምሥራች የሚሆንበት ጊዜ አለ። ክፍል የሚደግመውና ዘግይቶ የሚገባው ልጅ ሲቀንስ ቁጥሩ ወደ መቶ ይወርዳል። ይህን ያላወቀ ኃላፊ ስለ ስኬቱ ይቅርታ ሲጠይቅ ይገኛል። ሌላም ጣጣ አለ፦ አካፋዩ ራሱ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። የሕዝብ ቆጠራው የቆየ ከሆነ፣ ወይም ብዙ ሰው ወደ ክልሉ ገብቶ ወይም ከክልሉ ወጥቶ ከሆነ፣ መቶኛው አንድም ልጅ ሳይጨምር ወይም ሳይቀንስ ይለዋወጣል።

«ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ተምሯል»

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «የመማር ድህነት» የሚል መለኪያ ይፋ አደረገ። የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ አንድ ልጅ 10 ዓመት ሲሞላው አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብቦ ይረዳል ወይ? በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች 53 በመቶው አይችሉም የሚል ግምት ነበር የቀረበው። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ደግሞ ግምቱ ወደ 70 በመቶ ከፍ ብሏል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚውሉ ናቸው።

ይኸው ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የሰብዓዊ ካፒታል መለኪያ ውስጥ የትምህርት ዓመታትን በተማሩት ልክ የሚመዝን ስሌት አለ። ልጁ እስከ 18 ዓመቱ ይማራል ተብሎ የሚጠበቀው ዓመት በፈተና ውጤት ይባዛና ለ625፣ ማለትም ከፍተኛ ለሚባለው ደረጃ፣ ይካፈላል። 10 ዓመት የሚማርና በአማካይ 375 የሚያመጣ ልጅ ሂሳቡ ሲሠራ የቀሰመው የ6 ዓመት ትምህርት ብቻ ነው። አራቱ ዓመታት ደሞዝ የተከፈለባቸው፣ ደብተር የተገዛባቸው፣ ግን ዕውቀት ያልገባባቸው ናቸው። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ አንድ ፈተና የልጅን ዕውቀት ሁሉ አይይዝም። ያም ሆኖ ቀናትን ብቻ ከመቁጠር ይሻላል።

«አማካይ ውጤት ወረደ፤ ትምህርቱ ወደቀ»

ብዙ አላስፈላጊ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ ነው። የአሜሪካዋን የኢሊኖይ ግዛት እንውሰድ። በዚያ የነበሩ ተማሪዎች አብዛኞቹ ኤሲቲ የተባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ይወስዱ ስለነበር ሌላው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለሆነው ለኤስኤቲ የሚቀመጡት ጥቂቶች፣ በአብዛኛውም ከግዛቱ ውጭ ወዳሉ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ለመግባት የሚያልሙ ጎበዞች ነበሩ። የግዛቱ የኤስኤቲ አማካይም ከአገሪቱ ከፍተኞቹ መካከል ነበር። ከ2017 እስከ 2024 ግዛቱ ኤስኤቲን ለሁሉም የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጠ፤ አማካዩም አሽቆለቆለ። መምህራኑ እነዚያው፣ ትምህርት ቤቶቹ እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተማሪ ነው። እንዲያውም ቀድሞ ፈተናውን የማይጠጉት ልጆች ዕድል አገኙ ማለት ነው።

ከዚህም የሚገርም አለ። በአሜሪካ የኤስኤቲ የቋንቋ ክፍል አገር አቀፍ አማካይ በ1981 504 ነበር፤ በ2002ም 504። ሃያ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ያላለ ይመስላል። ተማሪዎቹ በዘርና በማኅበረሰብ ተከፍለው ሲታዩ ግን የእያንዳንዱ ቡድን ውጤት ጨምሮ ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል? ቀድሞ ጥቂት ተፈታኝ የነበራቸውና ውጤታቸው ዝቅ ያለ ቡድኖች፣ ውጤታቸው እየተሻሻለም ቢሆን፣ በብዛት ወደ ፈተናው ስለገቡ ነው። የእነርሱ ድርሻ ሲሰፋ ጠቅላላውን አማካይ ባለበት አቆመው። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን የሲምፕሰን ተቃርኖ ይሉታል። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ሁሉም የተሻሻለበትን ዘመን የቆመ ዘመን ብሎ ይፈርጀዋል።

ተቃራኒውም ይሠራል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በሆነው በኦኢሲዲ የሚዘጋጀው ፒሳ የ15 ዓመት ልጆችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ፈተና ነው። በ2012 ቬትናም ከብዙ ሀብታም አገሮች በልጣ ስትገኝ ዓለም ተደነቀ። ነገር ግን ፈተናው የሚመለከተው ትምህርት ላይ ያሉትን ልጆች ስለሆነ ውጤቱ የወከለው ከአገሪቱ የ15 ዓመት ልጆች ከግማሽ ብዙም የማይበልጡትን ነበር። የቬትናም ትምህርት ቤቶች ጥሩ ማስተማራቸውን ይህ አያስተባብልም። «የቬትናም ልጆች» እና «ትምህርት ላይ ያሉ የቬትናም ልጆች» ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ አማካይ ውጤት የሚነግረኝ ሰው ስንቱ እንደተፈተነም አብሮ ካልነገረኝ ገና ምንም አልነገረኝም።

«ከ90 በመቶ በላይ ተማሪ በጊዜው ይመረቃል»

ከስንት? ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የአሜሪካዋ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ከ90 በመቶ በላይ የሆነ የምረቃ ምጣኔ ሪፖርት ታደርግ ነበር። ስሌቱ ሲመረመር ዲፕሎማ ካገኙት ውስጥ ምን ያህሉ በአራት ዓመት እንዳገኙ ብቻ የሚቆጥር ሆኖ ተገኘ፤ ያቋረጡት ከሂሳቡ ውስጥ የሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ግዛቶች ሁሉ 9ኛ ክፍል አብረው የገቡትን ተማሪዎች እስከ መጨረሻው እንዲከታተሉ የሚያዝዝ አንድ ወጥ ስሌት አወጣ። መለኪያ ማወዳደር የሚቻለው ከዚህ ወዲያ ነው።

«ዲግሪ ያለው ሰው ከበዛ ክህሎቱም በዝቷል»

ወረቀቱ ተመሳሳይ ቢሆንም ከጀርባው ያለው ችሎታ ተመሳሳይ አይሆንም። ኦኢሲዲ ከ16 እስከ 65 ዓመት ያሉ አዋቂዎችን የማንበብ፣ የማስላትና ችግር የመፍታት ችሎታ በቀጥታ ይፈትናል፤ የመጀመሪያው ዙር ውጤት የወጣው በ2013 ነው። በዚያ ውጤት ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ያጠናቀቁ የጃፓንና የኔዘርላንድስ ወጣቶች በማንበብ ችሎታ ከጣሊያንና ከስፔን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን እኩዮቻቸው በልጠው ተገኙ። የምስክር ወረቀት መቁጠር ርካሽ ነው፣ ሰውን ማስፈተን ውድ ነው። ክልሎች ወረቀቱን የሚቆጥሩት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«ምሩቅ የበዛበት ክልል ጥሩ ያስተማረ ክልል ነው»

ሰው ይንቀሳቀሳል። ትልቅ ከተማ ያለው ክልል ሌሎች ያስተማሯቸውን ምሩቃን ይሰበስብና በነዋሪ ሲቆጠር አንደኛ ይወጣል። ልጆቹን በደንብ አስተምሮ የሚሸኘው ክልል ደግሞ ከኋላ ይሰለፋል። የሕንዷ ኬረላ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በ1990 በውስጧ ያለው የኤርናኩላም አውራጃ በሕንድ የመጀመሪያው ማንበብና መጻፍ የሚችል ነዋሪ ብቻ ያለው አውራጃ ተብሎ ታወጀ፤ በ2011 ቆጠራም የግዛቲቱ የማንበብና የመጻፍ ምጣኔ 94 በመቶ ገደማ ነበር። ይሁንና የተማሩ ወጣቶቿ ሥራ አጥነት ከሕንድ አማካይ በላይ ሆኖ ኖሯል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮም ሕዝቧ በብዛት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሄድ ቆይቷል። ኬረላ ተሳካላት ወይስ አልተሳካላትም? በትምህርት አዎ። የተማረውን ሰው የሚቀበል ሥራ በመፍጠር ግን የሚያኮራ ታሪክ የላትም። ሁለቱን አንድ ነጥብ ውስጥ ጨፍልቆ ደረጃ መስጠት ሁለቱንም መደበቅ ነው። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ አሁን የት ይሠራል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው።

«ሥራ አጥነት ዝቅ ካለ የሰው ኃይሉ ደህና ነው»

መጠይቁን ይዞ ቤት የሚያንኳኳውን ሠራተኛ እንከተለው። የሚጠይቀው «ሥራ አለዎት?» ብሎ አይደለም። ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተዋል? ብሎ ይጀምራል። አዎ ካሉት ተቀጥረው ካሉት ወገን ይመዘገባሉ፤ አንዲት ሰዓትም ትበቃለች። አይ ካሉት፣ በቅርቡ ሥራ ፈልገዋል? ይላል። አሁን ሥራ ቢገኝ መጀመር ይችላሉ? ይላል። ሦስቱንም ያሟላ ብቻ ሥራ አጥ ይባላል። ፈልጎ ፈልጎ ተስፋ የቆረጠው ምሩቅ ከሁለቱም መዝገብ ይወጣል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያስቀመጠው ይህ ትርጓሜ ሞኝነት አይደለም፤ አገሮችን ለማወዳደር አንድ ወጥ መስፈርት ያስፈልጋል። ነገር ግን ድጎማ በሌለበት ድሃ ክልል ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የሚችል ሰው ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ አይገርምም። ሥራ ሲከፈት ደግሞ ተስፋ የቆረጡት ተመልሰው መፈለግ ይጀምራሉና ምጣኔው ለጊዜው ይጨምራል። በ2013 ደግሞ ትርጓሜው ተሻሽሎ ለራሱ ፍጆታ ብቻ የሚያርስ ሰው ከተቀጣሪዎች ወገን እንዲወጣ ተደርጓል። የቀድሞውንና የአዲሱን ጥናት ሳይለይ የሚያወዳድር ሰው የትርጓሜ ለውጥን የኢኮኖሚ ለውጥ አድርጎ ይዘግባል። ለወጣቶች የተሻለው ጥያቄ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ውስጥ ትምህርት ላይም፣ ሥልጠና ላይም፣ ሥራ ላይም ያልሆኑት ስንት ናቸው የሚለው ነው። ይህ በዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥም የተካተተ መለኪያ ነው፤ ተስፋ የቆረጠውን አይጥለውም።

«ቀጣሪው ሰው አጣሁ ካለ የክህሎት እጥረት አለ»

ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ግን የቀረበውን ደሞዝ ይጠይቁ። ክፍያ ሳይጨምር ለዓመታት «ሰው ጠፋ» የሚል ድርጅት የነገረን ስለ ክህሎት ላይሆን ይችላል።

«ኢላማ ካስቀመጥንና ካስገደድን ቁጥሩ ይስተካከላል»

ቁጥሩማ ይስተካከላል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ዶናልድ ካምቤል አንድ አኃዝ ለውሳኔ በዋለ መጠን ይበልጥ ለመበላሸት እንደሚጋለጥ በ1970ዎቹ ጽፎ ነበር። የአሜሪካዋ የአትላንታ ከተማ ትምህርት ቤቶች ይህን አሳይተዋል። የፈተና ውጤት በፍጥነት በማደጉ የከተማዋ የትምህርት ኃላፊ በ2009 የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ አስተዳዳሪ ተብለው ተሸለሙ። በ2011 የወጣ የመንግሥት ምርመራ ግን በተመረመሩ 56 ትምህርት ቤቶች ውስጥ በ44ቱ ማጭበርበር መፈጸሙን፣ 178 መምህራንና ርዕሳነ መምህራን እጃቸው እንዳለበት አረጋገጠ። የተሳሳቱ መልሶችን ላጲስ ይዘው ያረሙ ነበሩ። በ2015 አሥራ አንዱ በወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። የሚያሳዝነው እርዳታ ይገባቸው የነበሩ ልጆች በወረቀት ላይ ጎበዝ ስለሆኑ እርዳታው እንዳለፋቸው ነው። የፈተናው ውጤት ሽልማትና ቅጣት ሲያስከትል፣ ምንም የማያስከትል ሌላ የናሙና ፈተና ጎን ለጎን ቢሰጥ ልዩነቱ ቶሎ ይጋለጣል።

«ዘንድሮ የሠራነው ዘንድሮ ይታያል»

በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ውስጥ ካሉት የትምህርት አኃዞች አንዱ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የተማሩበት አማካይ ዓመት ነው። በ7 ዓመቱ ዛሬ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ወደዚህ ስሌት የሚገባው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ከገባም በኋላ ትምህርት ቤት ሳይኖር ካደጉት አዛውንት ጋር ተደምሮ ነው የሚካፈለው። በዚህ አኃዝ የአምስት ዓመት እቅድን መመዘን ለተሿሚው ግፍ ነው፤ ወይም የቀድሞ ሹማምንትን ውጤት ለእርሱ መስጠት ነው። ለአጭር ጊዜ የሚያገለግሉት ሌሎች ናቸው፦ አንደኛ ክፍል ከገቡት ስንቶቹ ሁለተኛ ክፍል ደረሱ፣ በሦስተኛ ክፍል ስንቶቹ ያነባሉ፣ መምህሩ ሊያስተምር በተመደበበት ቀን ክፍል ውስጥ ነበር ወይ፣ ከሥልጠና የወጣው ወጣት ከስድስት ወር በኋላ በሠለጠነበት ሙያ እየሠራ ነው ወይ። የመጨረሻውን ለማወቅ ስልክ መደወል ብቻ ይበቃል፤ ለማይመልሱትም አንድ ረድፍ መተው ያስፈልጋል፤ ከዝርዝሩ መሰረዝ የለባቸውም።