«ትልቅ ነገር እየመጣ ነው» ማለት ጉጉት አይፈጥርም፦ ምርት ይፋ ከመሆኑ በፊት ስለሚላኩ ኢሜይሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ምርት ለገበያ ለማቅረብ የተዘጋጁ ድርጅቶች ኢሜይሎቻቸውን እንዳቅድላቸው ሲጠሩኝ፣ ስብሰባው ገና ከመጀመሩ አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ፦ «ምን እንደሆነ አንናገር፤ ሰው ይጓጓ።» ይህን ሐሳብ ለዓመታት ስሞግት ኖሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ሰዎች ወራት የደከሙበት ሥራ በዚህ አንድ እምነት ምክንያት ዞር ብሎ የሚያየው ሲያጣ መመልከት ያሳዝነኛልና፣ እርሱንም አብረውት የሚመላለሱትንም የተሳሳቱ አመለካከቶች በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

«ምስጢሩ በበዛ ቁጥር ጉጉቱ ይጨምራል»

ሰው የሚጓጓው በከፊል ለሚያውቀው ነገር ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ደጅ ደጁን የሚያየው ማን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው፤ ማን እንደሚመጣ ያልተነገረው ሰው ግን ወደ ሥራው ይመለሳል። በኢሜይልም እንዲሁ ነው። ተቀባዩ ምርቱ ከእርሱ ችግር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ካላወቀ፣ የሚጠብቀው ነገር የለውም።

አንድ የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም የሠራ ድርጅት ሦስት ኢሜይሎችን ልኮ ከጨረሰ በኋላ ጠራኝ። የመጀመሪያው ርዕስ «ትልቅ ነገር እየመጣ ነው»፣ የሁለተኛው «ሊደርስ ነው!»፣ የሦስተኛው «ነገ!» ይላል። ሦስቱም ውስጥ ያለው ጥቁር ምስልና ቀን የሚቆጥር ሰዓት ብቻ ነበር። ምርቱ ይፋ በሆነበት ቀን በተላከው አራተኛ ኢሜይል ላይ ያለውን ሊንክ የተጫኑት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ድርጅቱ ጥቂት ተመዝጋቢዎችን በስልክ እንዲያነጋግር መከርኩ። አንዷ የሰጠችው መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ደረሰኝ ለመቁረጥ የሚያገለግል ቅጽ በነፃ ለማውረድ ከወራት በፊት የተመዘገበች ሲሆን፣ የድርጅቱን ስም ረስታው ስለነበር ሦስቱንም ሳትከፍት አጥፍታቸዋለች። ለእርሷ «ምስጢር» የሚባል ነገር አልነበረም፤ የነበረው የማታውቀው ሰው የላከው መልእክት ነው።

የሚቀጥለውን የፕሮግራሙን እትም ሲያወጡ የመጀመሪያውን ኢሜይል አብረን እንደገና ጻፍነው። ርዕሱ «የወሩን ሂሳብ ለመዝጋት ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» የሚል ሆነ። ውስጡ ምስል የለውም፤ የሚለውም ይህን ያህል ብቻ ነው፦ «ከወራት በፊት የደረሰኝ ቅጻችንን ወስደው ነበር። አሁን ደግሞ ከባንክ የሚመጣውን ዝርዝር ከደረሰኞችዎ ጋር በራሱ የሚያመሳክር ፕሮግራም እያጠናቀቅን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ወር ሙሉ ሂሳብ ላይ ሲሠራ እናሳይዎታለን። እስከዚያው ሂሳብ ሲዘጉ በጣም የሚያደክምዎት የትኛው እንደሆነ በዚሁ ኢሜይል ላይ መልስ ይጻፉልን።» ሰዎች መልስ ጻፉ። ከሁለት ባንኮች የሚመጣውን ዝርዝር እንዴት እንደሚይዘው የጠየቁት በርካቶች ስለነበሩ፣ የሦስተኛው ኢሜይል ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ሆነ። ጉጉት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ አንባቢው ምርቱ ገና በእጁ ሳይገባ እንዴት እንደሚጠቀምበት ማሰብ ሲጀምር።

ይህን ስል ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ቀን ይዘርገፍ ማለቴ አይደለም። ዋጋውን፣ ስሙን፣ መልኩን ወይም አንዱን ተጨማሪ ችሎታ ለኋላ ማቆየት ይቻላል። ሊደበቅ የማይገባው ምርቱ ለማን እንደተሠራና የትኛውን ችግር እንደሚፈታ ነው። በ4 ወይም በ5 ኢሜይሎች ለሚሠራ ዘመቻ እኔ የምከተለው አካሄድ የመጀመሪያው ችግሩን በአንባቢው ቋንቋ እንዲያነሳ፣ ሁለተኛው ምርቱን በሥራ ላይ እንዲያሳይ፣ ሦስተኛው ሰዎች የሚያነሱትን ትልቁን ጥርጣሬ በቀጥታ እንዲመልስ፣ አራተኛው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዋጋውንና ምርቱ የሚገዛበትን መንገድ እንዲያሳውቅ፣ የመጨረሻው ደግሞ በሩ መከፈቱን ብቻ በአጭሩ እንዲናገር ነው። ለእያንዳንዱ ኢሜይል «አንባቢው ይህን አንብቦ ሲጨርስ ትናንት ያላወቀውን ምን ያውቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልስ ከሌለው ኢሜይሉ አይላክም።

ምስጢር ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለማየት ሴግዌይን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ ዲን ኬመን ስለሚሠራው ስሙ ያልተገለጸ ፈጠራ ወሬ ሾልኮ ወጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ዓለምን የሚለውጥ ነገር እንደሆነ ሲነገር ሰነበተ። በታኅሣሥ ወር መጋረጃው ሲገለጥ የታየው ሴግዌይ፣ ሁለት ጎማ ያለው፣ ቆመው የሚነዱት ተሽከርካሪ ነበር። ማምረቱ እስከቆመበት እስከ 2020 ድረስ የተሸጠው 140,000 ያህል ብቻ ነው። ዋጋው ውድ መሆኑና የእግረኛ መንገድ ሕጎችም አስተዋጽኦ እንደነበራቸው አልክድም፤ ነገር ግን ሰው በምናቡ የገነባውን ነገር የትኛውም እውነተኛ ምርት ሊያክለው አይችልም።

«ዋናው የአድራሻ ብዛት ነው፤ ዝርዝር ገዝተን እንላክ»

ይህን ስህተት በኢሜይል ታሪክ መጀመሪያ ላይ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 ጋሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኪውፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሚደረግ የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ትርኢት የግብዣ መልእክት ለ400 ያህል የአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው መረብ) ተጠቃሚዎች ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ላከ። ዛሬ የመጀመሪያው ስፓም (ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ መልእክት) እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ መልእክት ነው፤ የአዲስ ምርት ማስተዋወቂያ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰውየው ሽያጭ እንዳመጣለት በኋላ ቢናገርም፣ የተቀባዮቹ ቁጣ ግን ወዲያው ነበር የደረሰው።

በዚያን ጊዜ ማጣሪያ አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ለተጠቃሚዎቹ የሚልኩ ላኪዎች ማንነታቸውን ኤስፒኤፍ፣ ዲኬአይኤም እና ዲማርክ በተባሉት የላኪን ማንነት ማረጋገጫ ዘዴዎች እንዲያረጋግጡ፣ በአንድ ክሊክ ከዝርዝሩ መውጣት እንዲቻል እንዲያደርጉ፣ «ስፓም ነው» ብለው የሚያመለክቱት ተቀባዮችም 0.3 በመቶ እንዳይደርሱ ይጠይቃል። ከ1,000 ሰው 3 ማለት ነው። የተገዛ ዝርዝር ይህን ገደብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያልፈው ይችላል፤ በዚያ ላይ ባለቤታቸው የተዋቸውና ስፓም ላኪን ለመያዝ የተዘረጉ አድራሻዎች በብዛት የሚገኙት በእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር ውስጥ ነው። ጉዳቱም በእነዚህ አድራሻዎች አያበቃም፤ የላኪው ስም አንዴ ከተበላሸ፣ በፈቃዳቸው የተመዘገቡት እውነተኛ ደንበኞችም የምርቱን ዜና ከስፓም ማኅደር ውስጥ ቆፍረው ካላወጡት አያገኙትም። ለወራት ዝም ብሎ የቆየ የራስ ዝርዝርም ቢሆን በአንድ ቀን አይቀሰቀስም፤ በቅርብ ጊዜ ኢሜይል ከከፈቱት ጥቂቶች ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስፋት ያስፈልጋል።

«ብዙዎች ከከፈቱት ጉጉቱ ሠርቷል ማለት ነው»

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አፕል የአይፎን ስልኮቹ ከሚሠሩበት ከአይኦኤስ 15 ጋር ያወጣው የኢሜይል ግላዊነት መጠበቂያ፣ ሰውየው ኢሜይሉን ባይነካውም በውስጡ ያሉትን ምስሎች ቀድሞ ያወርዳል። መከፈቱ የሚቆጠረው ደግሞ በማይታይ ትንሽ ምስል መውረድ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ካልተከፈቱ ኢሜይሎች ጋር ተደምሮ ያብጣል። በሊንክ ክሊክ፣ በተጠባባቂነት በተመዘገበ ሰውና በተጻፈ መልስ መመዘን ይሻላል።

«የመውጫው ሊንክ ባይታይ ሰው አይቀንስብንም»

መውጫ ያጣ ሰው የሚጫነው የስፓም ቁልፍ ነው።

«ለ100 ሰው ብቻ ማለት ሁልጊዜ ይሠራል»

ጂሜይል ራሱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2004 በግብዣ ብቻ ሲጀምር ሰው ግብዣ ፍለጋ ተሯሩጧል፤ ነገር ግን ገደቡ እውነተኛ ነበር፤ አገልግሎቱን የሚሸከሙት ሰርቨሮች ጥቂት ነበሩ። «100 ብቻ» ተብሎ ሲሸጥ የሰነበተ ምርት በሳምንቱ «ተጨማሪ 100» ከተባለለት፣ ያን ኢሜይል ያነበበ ሰው ቀጣዩን ቀነ ገደብ አያምንም። ገደብ ከሌለ ገደብ አይፈጠር።

«ቀድሞ መጀመር ጉዳት የለውም»

ጉዳት አለው፤ በተለይ የቀድሞው እትም ገና በመሸጥ ላይ ላለ። ኦስቦርን የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ቀጣይ ሞዴሎቹ አስቀድሞ ማውራቱ የያዘውን ምርት ሽያጭ እንዳደረቀበትና በዚያው ዓመት ለኪሳራ እንዳበቃው ይነገራል። ለውድቀቱ ዋናው ምክንያት ይህ ነው ወይ የሚለው ቢያከራክርም፣ «ትንሽ ልጠብቅ» የሚል ደንበኛ ዛሬ እንደማይገዛ ማንም ነጋዴ ያውቃል። ለነባር ደንበኞች ለብቻቸው ቀደም ብሎ መጻፍ፣ አሁን የሚገዛ ሰው አዲሱን በምን ሁኔታ እንደሚያገኝም በግልጽ መንገር ተገቢ ነው።

«ሁሉም ተመዝጋቢ ሁሉንም ኢሜይል ይቀበል»

ከማንኛውም ስህተት ይልቅ በቀላሉ የሚታረመው ይህ ሆኖ ሳለ፣ በብዛት የማየውም እርሱን ነው። በቅርቡ አንድ ምርት ሽያጩ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ገዛሁ፤ የክፍያ ማረጋገጫው በደረሰኝ ማግስት ጠዋት «እስካሁን አልወሰኑም? ዕድሉ እያመለጠዎት ነው» የሚል ኢሜይል ከዚያው ድርጅት መጣልኝ፤ ማታ ደግሞ ለሚያመነቱ ሰዎች የተዘጋጀ ቅናሽ ተከተለ። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ነበርና፣ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ጠይቄ በቅናሹ እንደገና ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ድርጅት የኢሜይል ዕቅድ ሳወጣ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት፣ የገዛ ሰው ስም ከተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ወዲያውኑ መውጣቱን በራሴ አድራሻ ገዝቼ አረጋግጣለሁ።