የውድድር አዘጋጅ ከተማ እንዴት ይመረጣል? ከጅማ ሲታይ

ትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚሰጡት በአንድ መንገድ አይደለም። ኦሎምፒክን ከተማ ይወስዳል። የዓለም ዋንጫንና የአፍሪካ ዋንጫን ግን አገር ነው የሚያገኘው። አገሩ ጨዋታ የሚደረግባቸውን ከተሞች ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ገምጋሚዎችም እየዞሩ ያያሉ። ጅማን ለመሰለች ከተማ የተከፈተው በር ይህ ሁለተኛው ነው።

ለኦሎምፒክ ድሮ ከተሞች ፊት ለፊት ይፎካከሩ ነበር። ወጪው ሲከብድ ብዙዎቹ ሸሹ። የሀምቡርግ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በሕዝበ ውሳኔ «ይቅርብን» አሉ። በ2017 ፓሪስና ሎስ አንጀለስ ብቻ ስለቀሩ፣ የ2024ቱና የ2028ቱ በአንድ ጉባኤ ተከፋፈሉላቸው። አሁን አንድ ኮሚሽን ፍላጎት ካላቸው ከተሞች ጋር ይነጋገርና የመረጠውን ለድምፅ ያቀርባል። ብሪስቤን የ2032ቱን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። በ1954 ዓ.ም. ጨዋታው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ ዋንጫውም እዚሁ ቀረ። በ1960 አስመራ፣ በ1968 ደግሞ ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጋር ተካፈሉ። በመጀመሪያው የተሳተፉት አራት ቡድኖች ነበሩ፣ በሌሎቹ ስምንት ስምንት። ዛሬ 24 ናቸው። አንድ ዋና ከተማ ይህን ሁሉ አይችልም፤ ለዚህ ነው የክልል ከተሞች ጉዳይ ወሳኝ የሆነው። ካሜሩን እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ስታዘጋጅ አምስት ከተሞች ተጠቅማለች። አንዷ ባፉሳም ናት፤ እንደ ጅማ ደጋ ላይ ያለች የቡና ከተማ።

ገምጋሚ ሲመጣ ብዙዎቻችን የወንበሩን ብዛት የሚቆጥር ይመስለናል። ወንበርማ ይቆጠራል። ግን መልበሻ ክፍል ገብቶ ሻወሩንና ሽንት ቤቱንም ያያል። የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍል አለ ወይ ይላል። የፓውዛው ብርሃን በሜዳው ሁሉ እኩል መድረሱ ይለካል፤ አንዱ ጥግ ከጨለመ ለቴሌቪዥን አይሆንም። ከዚያ ከስታዲየሙ ይወጣል። አንድ ምድብ አራት ቡድን ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃውን የጠበቀ ሆቴል ያስፈልጋል፣ መለማመጃ ሜዳም እንዲሁ። በእኔ እይታ ከተሞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ጅማ ባዶ እጇን አይደለችም። አየር ማረፊያ አላት፤ ከአዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ስላነሳ ኳስ ወዳዱም ሞልቷል። ከሁሉም በላይ ልምዱ አለ። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲጫወቱ ጅማ አንዷ ነበረች። ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተማው ገቡ፤ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ጨዋታዎችም በቀጥታ ተላለፉ። ከምድብ ጨዋታ መስተንግዶ ጋር የሚቀራረብ ልምምድ ነው።

ዝናቡ ግን አይረሳ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የካሜሩኑን ውድድር መጀመሪያ ከሰኔና ሐምሌ ያዛወረው በአየሩ ጠባይ ምክንያት ነበር። ጅማም ክረምቷ ከባድ ስለሆነ የሚያዋጣት ከታኅሣሥ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፣ ያውም ሜዳው ውሃ በደንብ ካሳለፈ።

መመረጥ ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ2020ውን ቻን፣ ማለትም በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሳተፉበትን የአፍሪካ ውድድር፣ እንድታዘጋጅ ተመርጣ ነበር፤ ዝግጅቱ ስላልደረሰ ወደ ካሜሩን ሄደ። ያንገበግባል። ብሔራዊ ቡድናችንም ካፍ የሚቀበለው ሜዳ አጥቶ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጅማ ለወደፊቱ ካሰበች፣ እኔ የምመርጠው ከስታዲየሙ ማስፋፊያ በፊት አራት ጥሩ መለማመጃ ሜዳ ቢሠራ ነው። ውድድሩ ባይመጣ እንኳ የሰፈር ልጆች ከነገ ጀምሮ ይጫወቱባቸዋል።